የጥቁር በግ ጸጉር፦ ከመንዝ እስከ ውቤ በረሃ

ውቤ በረሃ ሲነሣ ለብዙው ሰው ቀድሞ የሚታወሰው ሌሊቱ ነው፤ ጠጁ፣ ጭፈራው፣ የአዝማሪው ማሲንቆ። ስሙን ከደጃዝማች ውቤ አጥናፍ ሰገድ ያገኘው ይህ የአራዳ ሰፈር በዘፈንም በልብ ወለድም ብዙ ተብሎለታል። ስለ ብርዱ ግን ብዙ አልተባለም። ሰፈሩ ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ከፍታ ላይ ነው ያለው። በሐምሌ ሌሊት ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ ቅዝቃዜውን ይዞ ሲመጣ ሙዚቃው ያለበት ቤት ውስጥ ያለ ሰው ላይሰማው ይችላል፤ ደጁን የሚጠብቀው ዘበኛ፣ ማልዶ ወደ ጊዮርጊስ የሚሄደው ምእመን፣ ጭነት የሚያወርደው ሠራተኛ ግን ያውቁታል። ነጠላ አይመልሰውም፤ ጋቢም ዝናብ ከነካው ይከብድና ይቀዘቅዛል። እንዲህ ላለው ብርድ የኢትዮጵያ ደጋ የራሱን መልስ ካዘጋጀ ቆይቷል፦ ባናና ዝተት የሚባሉት ብርድ ልብሶች፣ በርኖስ የሚባለው ካባ። የሦስቱም መነሻ የበግ ጸጉር ነው።

ይህ ምዕራፍ የዚያን ጸጉር መንገድ ይከተላል። መነሻው የሰሜን ሸዋ ደጋ፣ በተለይም መንዝ ነው፤ መድረሻው የአራዳ ገበያ። በመካከሉ ጥቂት በግ ያለው ቤተሰብ አለ፤ ሸልቶ፣ ነድፎ፣ ፈትሎ፣ አሸምኖ የሚሸጥ። ያ ቤተሰብ ዛሬ ከበጉ የሚያገኘው ገቢ በአብዛኛው ከሥጋው ሆኗል። ጸጉሩ ዋጋ አጥቷል። ጸጉሩ ግን አልከፋም፤ የሚስማማውን ሥራና ትክክለኛ ስሙን ይዞ ለገዢ የሚያቀርበው ስላጣ ነው የረከሰው። ሊመለስ ይችላል፤ እንዴት እንደሚመለስም ከዚህ በታች እናያለን።

የገበያው ጫፍ

ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበረው የአራዳ ገበያ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ እስከ ጣሊያን ወረራ ድረስ የአዲስ አበባ ዋናው መገበያያ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ እህሉ፣ ቅቤው፣ ማሩ፣ አሞሌው፣ በቅሎው፣ ሸማው ከየአቅጣጫው ይገባል። ቀረጡንና ዳኝነቱን የሚመራው ነጋድራስ ነበር፤ ከነጋድራሶቹም ስማቸው ጎልቶ የሚጠራው ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ወልደ ሚካኤል ናቸው። በገበያው ዙሪያ የሕንድ፣ የአርመንና የግሪክ ነጋዴዎች ሱቅ ከፈቱ፤ ፒያሳም በዚያ ላይ አደገች። ጣሊያኖች ከተማዋን ሲይዙ የኢትዮጵያውያኑን ገበያ ወደ ምዕራብ አዛወሩት። ዛሬ መርካቶ የምንለው ያ ነው።

አንድ ገበያ ሲዛወር የሚዛወረው ዕቃው ብቻ አይደለም፤ ዕቃውን የሚያውቅ ዓይንም አብሮ ይበተናል። የአራዳ ገዢ ባናን በእጁ ጨብጦ፣ በጥፍሩ ፍቆ፣ ወደ ብርሃን አንሥቶ ነበር የሚገዛው። በርኖስ የሚያስፈልገው ባላባት ጥቁሩ የተነከረ ይሁን ከበጉ የመጣ ሳይለይ ገንዘቡን አይቆጥርም። ገዢው ዕቃ ሲያውቅ ሠሪው ይጠነቀቃል። ስለዚህ የጸጉሩ ታሪክ የሠሪው ብቻ ሳይሆን የገዢውም ታሪክ ነው።

ምኒልክ ለሠሪው ክብር ሊያስገኙለት ሞክረዋል። በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩንና ሌላውን የእጅ ባለሙያ በሥራው ምክንያት መስደብን ከለከሉ። አዋጁ እንዲወጣ ያደረገው በአገሪቱ የነበረው መጥፎ ልማድ ነው፦ ሁሉም ሸማኔው የሠራውን ይለብሳል፤ ሸማኔውን ግን ይንቃል። የበግ ጸጉር ዛሬ የገጠመው ችግር አንዱ ሥር እዚህ ላይ ነው። የተናቀ እጅ የሠራው ነገር ዋጋው ከድካሙ በታች ይተመናል።

በጉ

ኢትዮጵያ ወደ 40 ሚሊዮን የሚጠጋ በግ አላት። ተመራማሪዎች በየአካባቢው በተለምዶ በስም የሚለዩትን 14 የበግ ዓይነቶች በዘር ቅርበታቸው መርምረው ወደ 9 ዝርያ መድበዋቸዋል። በቆላና በወይና ደጋ ያለው አብዛኛው በግ ለስላሳ አጭር ጸጉር ነው ያለው፤ ተሸልቶ የሚፈተል አይደለም። የሚፈተል ጸጉር ያላቸው አጭር ላታቸው የሰባ የሰሜኑ ደጋ በጎች ናቸው፤ መንዝ፣ ወሎ፣ ጥቁር፣ ፋርጣ፣ ሰቆጣና ስሜን። ከእነዚህ በጸጉሩ ስመ ጥር የሆነው መንዝ ነው።

የመንዝ በግ ትንሽ ነው። የደረሰች እናት በግ ከ20 እስከ 25 ኪሎ ትመዝናለች። ትንሽነቷ የጉድለት ምልክት አይደለም። ከመሐል ሜዳ እስከ ሞላሌ ያለው ምድር ከ2500 ሜትር ጀምሮ ከ3000 ሜትር በላይ ይወጣል። ሌሊቱ ውርጭ ነው፣ ሣሩ አጭር ነው፣ በልግ ካልዘነበ ገብሱ ይቀራል። ትልቅ አካል ብዙ መኖ ይፈልጋል፤ ትንሽ አካል በጥቂት ግጦሽ ክፉውን ጊዜ ያልፋል። በውጩ ያለው ሸካራ ጸጉር ዝናብና ነፋስ ይመክታል፤ ከሥሩ ያለው ቀጭኑ ሙቀት ይይዛል። ይህ ድርብ ልብስ ነው በጉን በዚያ ውርጭ የሚያኖረው።

መንዝ ግጦሽን በጋራ የመጠበቅ ረጅም ልማድ አለው። ጓሳ የሚባለው ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋው የሣር ምድር በመቶ ለሚቆጠሩ ዓመታት በቄሮ ሥርዓት ሲጠበቅ ኖሯል። ጓሳው ለዓመታት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ በሽማግሌዎች ውሳኔ ይከፈታል። ለጣራ ክዳንና ለገመድ ይታጨዳል፤ ድርቅ ሲመጣም ለከብቱ መጠጊያ ይሆናል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ የቄሮው ሥርዓት ፈረሰ፤ ሕዝቡ ግን በኋላ በሌላ መልክ አደራጅቶ ጥበቃውን ቀጠለ። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዛሬም እዚያ አሉ። የበግ ጸጉርን ጥራት ከሣሩ ለይቶ ማየት አይቻልም፦ መኖ ያጣ በግ ጸጉሩ መካከሉ ላይ ይቀጥናል፤ ሲፈተል እዚያው ላይ ይበጠሳል። ጥሩ ባና የሚጀምረው ከተጠበቀ ሣር ነው።

ከጀርባው እስከ ባና

በግ በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ይሸለታል። ሸላቹ በጉን አስተኝቶ እግሩን ያስርና ከሆዱ ጀምሮ በመቀስ ወይም በሰላ ቢላ ወደ ጀርባው ይወጣል። ጥሩ ሸላች በአንድ ምት ይቆርጣል፤ ያው ቦታ ላይ ሁለት ጊዜ የተቆረጠ ጸጉር አጭር ቁርጥራጭ ይሆንና ፈትሉን ያበላሻል። ከአንድ የመንዝ በግ በአንድ ሸለታ የሚገኘው አንድ ኪሎ የሚሞላበት ጊዜ ጥቂት ነው። የአውስትራሊያ ሜሪኖ በዓመት አራትና አምስት ኪሎ ስለሚሰጥ ብዙዎች ወዲያው የሚያደርጉት ንጽጽር ይህ ነው። ሜሪኖውን ግን ጓሳ ጫፍ አሳድሮ የሚያተርፍ ገበሬ የለም።

ቀጥሎ መልቀም ነው። የጀርባው ረጅምና ንጹሕ ነው፤ የሆዱና የእግሩ አጭርና የቆሸሸ ነው፤ የጭራው በኩበት የተያያዘ ነው። ሁሉን በአንድ ጆንያ መጠቅጠቅ የጀርባውን ዋጋ ወደ ጭራው ዋጋ ማውረድ ነው። የተለቀመው በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባል፤ ላቡና አቧራው ይወጣል። ከደረቀ በኋላ በደጋን ይነደፋል። የደጋኑ ጅማት ጸጉሩ ላይ ሲንቀጠቀጥ የተቋጠረው ይፈታል፣ የቀረው ቆሻሻ ይረግፋል፣ ክምሩም ይነፋል። የተነደፈው በመዳፍ እየተንከባለለ አመልማሎ ይሆናል።

ከዚያ እንዝርት። ፈታይዋ በግራ እጇ አመልማሎውን ትይዛለች፤ በቀኟ እንዝርቱን ታሽከረክርና ትለቃለች። በዚያች ቅጽበት ግራ እጇ ምን ያህል ጸጉር እንደሚለቅ ይወስናል። ብዙ ከለቀቀ ፈትሉ ያብጣል፤ ትንሽ ከለቀቀ ይበጠሳል። ጣቶቿ ሳታይ ያውቁታል። ከሴት አያት ወደ እናት፣ ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፈው ሙያ ይህ ልክ ነው፤ በቃል ሊነገር አይችልም፣ አጠገቧ ተቀምጦ ብቻ ይለመዳል። ለባና ፈትሉ ወፍራምና ለዘብ ያለ ይሆናል፤ ለበርኖስ ግን ጠንከር ብሎ ይጠመዘዛል። የተፈተለው ልቃቂት ሆኖ ይጠቀለላል።

ሽመናው በአብዛኛው የወንድ ሥራ ነው። ሸማኔው እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ከትቶ ይቀመጣል፤ በእግሩ ድሩን ይከፍታል፣ በእጁ ማጉን ይወረውራል፣ ከዚያም ወደ ራሱ ይመታል። የጥጥ ሸማ እንዲያሳይ ሆኖ ሳስቶ ይሠራል፤ ባና ግን ማጉ እየተጠጋጋ ተጨቁኖ ይመታል። ጨርቁ ከመሸመኛው ስፋት ስለማይበልጥ ጠባብ ጠባብ ሆኖ ይሸመንና ጎን ለጎን ይሰፋል። ጥቁሩ የጥቁር በግ ነው፣ ነጩ የነጭ በግ፣ ቡናማው የቡናማ። ቀለም አልተገዛም፤ ስለዚህም አይለቅም።

ያንኑ በግ ሲያስቡት የሚባክን የለውም። ቆዳው ከነጸጉሩ ሲለፋ አጎዛ ይሆናል፤ የቆሎ ተማሪው ደበሎ የሚያደርገውም እሱን ነው። የተፋቀው ቆዳ ብራና ሆኖ ቅዱስ መጽሐፍ ይጻፍበታል። ፍጉ ገብሱን ያበቅላል። ሥጋውና ላቱ ደግሞ ዓመት በዓሉን ያደምቃሉ። የቤተሰብ እርሻ ማለት ይህ ነው፦ ከአንድ እንስሳ ብዙ ገቢ፣ አንዱ ሲቀር ሌላው የሚያኖር።

ለምን ይሞቃል?

የሚያሞቀው ጸጉሩ ራሱ ሳይሆን በውስጡ የሚይዘው አየር ነው። የበግ ጸጉር እንደ ጥጥ ቀጥ ብሎ አይተኛም፤ በተፈጥሮው የተጠማዘዘ ነው። ጠምዛዛው ጸጉር ከጸጉር ጋር ተጣብቆ እንዳይተኛ ያደርጋል፤ በመካከሉ ያለው አየር ይቆማል፤ የቆመ አየር ደግሞ ሙቀት አያሳልፍም። ባናው ለዓመታት ቢታጠፍም ሲፈታ ተመልሶ የሚነፋው በዚህ ጠምዛዛ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ምሥጢር ውሃ ነው። የበግ ጸጉር ከክብደቱ እስከ 30 በመቶ የሚደርስ እርጥበት በውስጡ ይዞ ላዩ እርጥብ ሳይመስል ይቆያል፤ እርጥበቱን ሲቀበልም ጥቂት ሙቀት ይለቃል። ዘበኛው በካፊያ ውስጥ ባና ለብሶ የማይንቀጠቀጠው ለዚህ ነው። ጥጥ ግን ውሃውን በላዩ ይዞ ሙቀትን ከሰውነት ይስባል። ሦስተኛው ነገር እሳት ነው። ጸጉር በቀላሉ አይቀጣጠልም፤ ፍም ቢወድቅበት ኩምትር ብሎ ይቀራል እንጂ አይንቀለቀልም። ምድጃ ዙሪያ ለሚተኛ ቤተሰብ ይህ ነፍስ ማትረፊያ ነው።

እያንዳንዱ ጸጉር በአጉሊ መነጽር ሲታይ ላዩ በቅርፊት የተሸፈነ ነው። በሞቀ ውሃና በሳሙና ሲታሽ ቅርፊቶቹ ይያያዙና ጨርቁ ይጠብቃል፤ ይህ ለሠሪው ጥቅም፣ ለማያውቅ አጣቢ ግን ጉዳት ነው። ባና በፈላ ውሃ ከታጠበ ይኮማተራል። በቀዝቃዛ ውሃ፣ ሳይታሽ፣ በጥላ ሥር ተዘርግቶ ይደርቃል።

ሸካራነቱስ? የሰው ጸጉር ውፍረት በአብዛኛው ከ50 እስከ 100 ማይክሮን ነው። የሜሪኖ ጸጉር ከ24 ማይክሮን በታች ነው፤ ስለዚህ አንገት ላይ አይኮሰኩስም። ከ30 ማይክሮን በላይ የሆነው ግን ቆዳን ይወጋል። የመንዝ በግ ጸጉር በብዛት በዚህ ወገን ነው። ይህን ጸጉር ሹራብ ካላደረግነው ብሎ መጨነቅ ጉልበትን ማባከን ነው። ሸካራው ጸጉር ጠንካራ ነው፣ አይተኛም፣ ሲረገጥ አያልቅም። ለምንጣፍ፣ ለብርድ ልብስ፣ ለካባ፣ ለመቀመጫ ልባስ የተፈጠረ ነው። በዓለም ያሉ ታላላቅ የምንጣፍ አገሮች፣ ኢራንና ቱርክ ጭምር፣ የሚሠሩት በእንዲህ ያለ ጸጉር ነው።

ጸጉሩ እንዴት ረከሰ

በ1957 ዓ.ም. የደብረ ብርሃን የሱፍ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ርቃ፣ በደጋው በር ላይ ያለችው ከተማ ለዚህ ሥራ ትክክለኛ ቦታ ነበረች። ብርድ ልብሱ በጦር ሠራዊቱም፣ በሆስፒታሉም፣ በተማሪ ማደሪያውም ታወቀ። ለገበሬውም በጉን ሳያርድ ጸጉሩን የሚሸጥበት መንገድ ተከፈተለት። ይህ በጎ ነበር።

ፋብሪካ ግን ብዙ፣ ነጭና አንድ ዓይነት ጸጉር ይፈልጋል፤ ነጩ በፈለጉት ቀለም ይነከራልና። ስለዚህ በጉን የማሻሻል ሥራ ተጀመረ። ለዓመታት ሜሪኖ፣ ኮሪዴል፣ ሮምኒ፣ ሃምፕሻየርና ሌሎችም የውጭ ዝርያዎች መጡ፤ ከእስራኤልም አዋሲ መጣ። አዋሲው አካሉ ትልቅ፣ ጸጉሩም የምንጣፍ ወገን ስለሆነ ከሁሉ የተሻለ ተቀባይነት አገኘ፤ ዲቃላዎቹ ዛሬም በሰሜን ሸዋ በጥሩ ዋጋ ይሸጣሉ። ሆኖም ዲቃላው የበለጠ መኖና ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ሰውነቱም በአብዛኛው ነጭ ነው፣ ራሱ ቡናማ። ለበርኖስ የሚፈለገው ጥቁር ጸጉር በዚህ መንገድ አይመጣም።

ሌላው ግፊት የመጣው ከሥጋ ገበያ ነው። ለዓመት በዓል በግ የሚገዛው የከተማ ሰው ቀይና ነጭ ይመርጣል፤ ጥቁር በግ ለተለየ ጉዳይ ካልተፈለገ በቀር ዋጋው ይወርዳል። ገበሬው ይህን ያውቃል። አውራ ሲያስቀር ቀዩን ያስቀራል፣ ጥቁሩን በጠቦትነቱ ይሸጣል። ማንም ሳያስበው፣ ማንም ሳይወስን፣ የበርኖሱ ቀለም ከመንጋው እየሳሳ ይሄዳል። ዕቅድ ቢኖር ኖሮ አንድ ሰው ያስቆመው ነበር፤ ዕቅድ የሌለው ጥፋት ግን ከሳሽም ተከሳሽም የለውም።

የመጨረሻው ከነዳጅ የተሠራው ብርድ ልብስ ነው። ለስላሳ ነው፣ ቀለሙ ደማቅ ነው፣ አበባና አንበሳ ተስሎበታል፣ ዋጋውም ከባና ይረክሳል። ሙሽራ ቤት የሚገባው እሱ ሆነ። ሴትየዋ ሳምንታት ፈትላ፣ ሸማኔው ቀናት መትቶ የሠሩት ባና ከማሽኑ ጋር በዋጋ ይወዳደር ሲባል አስቀድሞ ተሸንፏል። በዋጋ መወዳደር አልነበረበትም።

ያዳኑት እንዴት አዳኑ?

ከስኮትላንድ ምዕራብ ባሉት ደሴቶች፣ ከመንዝ ባልተናነሰ ነፋስና እርጥበት ውስጥ፣ ሰዎች በየቤታቸው ሃሪስ ትዊድ የሚባል ወፍራም የሱፍ ጨርቅ ይሸምናሉ። ፋብሪካ ሊውጣቸው ሲል በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የራሳቸውን ምልክት አስመዘገቡ። በ1993 እ.ኤ.አ. የብሪታንያ ምክር ቤት በሕግ አጸናው፦ ሃሪስ ትዊድ ለመባል ጨርቁ በእነዚያ ደሴቶች፣ በነዋሪዎቹ ቤት፣ በእጅ የተሸመነ፣ ከንጹሕ ሱፍ የተሠራ መሆን አለበት። ሸካራነቱን አላፈሩበትም፤ መለያቸው አደረጉት። ዛሬ ያን ጨርቅ የሚገዛው ሰው የሚከፍለው ለሙቀት ብቻ አይደለም፤ ለሠሪውና ለቦታው ነው።

በአሜሪካ ደቡብ ምዕራብ የናቫሆ ሕዝብ ቹሮ የሚባል በግ ነበረው፤ ጸጉሩ ረጅም፣ ስቡ ጥቂት፣ ለእጅ ፈትል የተመቸ። መንግሥት ለሥጋ ይሻላል ብሎ ራምቡዬ የሚባል ዝርያ ቀላቀለበት፤ የዲቃላው ጸጉር በስብ የተሞላና አጭር ሆኖ ሸማኔዎቹን አስቸገረ። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ደግሞ መሬቱ ተጎዳ ተብሎ መንጋው በግዴታ ተቀነሰ። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የቀረው ከ500 በታች ነበር። ከዚያ ወዲህ የቀሩትን እየሰበሰቡ ያራቡ ሰዎች ዝርያውን መልሰዋል። ትምህርቱ ለመንዝ ግልጽ ነው፦ በጉን በሥጋው ብቻ የሚመዝን ማሻሻያ ጸጉሩን ሳያስብ ያጠፋዋል።

እዚሁ አገራችንም ስም ምን ያህል እንደሚያወጣ አይተናል። ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉት የቡና ስሞች በውጭ አገሮች የንግድ ምልክት እንዲሆኑ ኢትዮጵያ የተከራከረችው ከስሙ የሚገኘው ትርፍ ለገበሬው እንዲደርስ ነው። ባና እንዲህ ያለ ጥብቅና አላገኘም። መንዝ ግን ስም ነው፤ ምሁሩ ዶናልድ ሌቪን «ሰምና ወርቅ» የተባለውን መጽሐፉን የመሠረተው በዚያ ሕዝብ ኑሮ ላይ ነው፤ በርኖሱንም የሸዋ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ጥሩ ጅምርም አለ። ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በመንዝ፣ በሆሮ፣ በቦንጋና በአፋር የተጀመረው በማኅበረሰብ የተመሠረተ የበግ ማራባት ሥራ ምርጫውን ለገበሬው ሰጥቷል። መንደሩ አውራውን በጋራ ይመርጣል፣ በጋራ ይጠቀምበታል፤ ተመራማሪው ይመዘግባል፣ ያማክራል። ከውጭ ከመጣው ይልቅ ከቤቱ የበቀለው በግ ይሻሻላል። በዚያው መዝገብ ላይ ከክብደቱ ጎን የጸጉሩን ርዝመትና ቀለም መጻፍ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ከየአሥሩ አውራ አንድ ሁለት ጥቁር ለማስቀረት መስማማት በቂ ነው።

አንድ ቤተሰብ ከየት ይጀምር?

አሥር በግ ያለው ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ከሸለታው በፊት ነው። በጉ ገለባና ሙጃ በማይጣበቅበት ንጹሕ ቦታ ይደር፤ ሲሸለት መሬቱ ላይ ሸራ ይነጠፍ፤ ዝናብ የነካው በግ አይሸለት፣ እርጥብ ጸጉር በጆንያ ውስጥ ይበሰብሳልና። ነጩ ቀድሞ ይሸለት፣ ጥቁሩ በኋላ፣ ወይም በተለያየ ቀን። በነጩ ውስጥ የገባች ጥቂት ጥቁር ጸጉር ዋጋ ታወርዳለች። የጀርባው፣ የጎኑና የሆዱ ለየብቻ ይጠቅለል። ይህ ሁሉ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ጥንቃቄ ብቻ ነው።

ቀጥሎ ምን ይሠራ የሚለው ይመጣል። ከሆዱ ጸጉር ፍራሽ ይሞላል፣ ወፍራም ገመድ ይወጣል። ከጎኑ ምንጣፍና የወንበር ልባስ ይሸመናል። ከጀርባው ረጅም ጸጉር ባናና በርኖስ ይሠራል። እያንዳንዱ ለሚገባው ቦታ ሲውል ከዚያው በግ የሚገኘው ገቢ ያድጋል። የአንድ ቤት ጸጉር ለአንድ ባና ካልበቃ ጎረቤት ከጎረቤት ይሰብስብ፤ ዕድርም፣ ዕቁብም፣ ማኅበርም ያለው ሕዝብ የጸጉር ማኅበር ማቋቋም አይከብደውም። ማኅበሩ አንድ መለኪያ ያውጣ፦ ርዝመቱ ስንት፣ ስፋቱ ስንት፣ ክብደቱ ስንት፣ ጸጉሩ ያልተቀላቀለ መሆኑን የሚመሰክር ምልክት የት ላይ ይሰፋል። ምልክቱን የሚሰፋው እጅ ሸማኔው ራሱ ይሁን፤ በሚያፍርበት ሥራ ላይ ምልክቱን የሚሰፋ ሰው የለም።

የገዢው ድርሻ ከዚህ አያንስም። በፒያሳም፣ በሽሮ ሜዳም፣ በመርካቶም ባና የሚሸጥበት ቦታ ሲገኝ ሻጩን መጠየቅ ይገባል። «እማማ፣ ይሄ ሙሉ የበግ ጸጉር ነው?» «አዎን ልጄ፣ ፈትሉን አየው!» ብለው ጠርዙን ሲያሳዩዎት አንዲት ክር ስበው ይምዘዙና በክብሪት ይሞክሩት። ጸጉር ከሆነ በዝግታ ይኮማተራል፣ የተቃጠለ ጸጉር ይሸታል፣ ሲጨበጥ ዱቄት የሚሆን ጥቁር አመድ ይተዋል። ከነዳጅ የተሠራ ክር ግን ይቀልጣል፤ ሲቀዘቅዝም ጠንካራ ዶቃ ይሆናል። ከዚያ ባናውን ጨብጠው ይልቀቁት፤ ቶሎ ከተነፋ ጠምዛዛው ጤናማ ነው። ወደ ብርሃን ሲያነሡት ቀዳዳ ካላዩ ማጉ በደንብ ተመትቷል። የአራዳ ገበያ ገዢ ያውቀው የነበረው ይህን ነው። ያው ዕውቀት ዛሬም ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም።

ዋጋውን ሲጠይቁ ደግሞ ከፕላስቲኩ ብርድ ልብስ ጋር አያወዳድሩት። በዋጋው ውስጥ ምን እንዳለ ይቁጠሩ፦ አንድ ዓመት የጠበቀ እረኛ፣ የሸለተ እጅ፣ የነደፈ፣ የፈተለ፣ የሸመነ፣ የሰፋ። ከዚያ ስንት ዓመት እንደሚያገለግል ይቁጠሩ። በሁለት ክረምት የሚሳሳውን ብርድ ልብስ ደጋግሞ የሚገዛ ሰው ለአንድ ባና ከሚከፍለው በላይ ሳያውቀው ይከፍላል። የፒያሳ ሆቴሎች፣ ምግብ ቤቶችና ቢሮዎች የወንበር ልባሱንና የወለል ምንጣፉን ከመንዝ ማኅበር ቢያዙ፣ ትእዛዙ ከአንድ ቤተሰብ አልፎ አንድ ወረዳ ሊያንቀሳቅስ ይችላል። ለሠሪውም እርግጠኛ ትእዛዝ ከምክር ሁሉ ይበልጣል፤ ጥቁር አውራውን ሳይሸጥ እንዲያስቀር የሚያደርገው እሱ ነውና።

ስለዚህ የመንዝን ጸጉር ማዳን የሚጀምረው በጉን ከመለወጥ ሳይሆን ሚዛኑን ከመለወጥ ነው። ሸካራውን ጸጉር በሸካራነቱ የሚፈልግ ሥራ ይሰጠው፤ ሠሪው ስሙን ይስፋበት፤ ገዢው ጠይቆ፣ ፈትኖ፣ ሙሉ ዋጋውን ከፍሎ ይውሰድ። ይህን ሦስት ነገር ለማድረግ አዲስ ፋብሪካም፣ አዲስ ዝርያም መጠበቅ አያስፈልግም። በመጪው ሸለታ መጀመር ይቻላል።